የወንፈል ቤት በር

ውኃ ላይ ቂም የለኝም። የፎገራ ሜዳ ድሮም የውኃ አገር ነው። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ይወጣሉ፣ ሜዳው ላይ ይተኛሉ፣ ሩዙን ያበቅላሉ፣ አንዳንዴም የሰው ቤት ይዘው ይሄዳሉ። ውኃ ግን «ስብሰባ ላይ ነኝ» አይልም። «ከበላይ ታዝዤ ነው» አይልም። እኔ ቂም ያለኝ ሰው ላይ ነው። ያን ጊዜ ወንበር ላይ የነበሩት ሁሉ ከወንበራቸው ወርደው እንኳ፣ የእኔ ቂም አልወረደም። አንባቢዎቼ፣ መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ ፍረዱ።

የፎገራዋ ከተማ የወረታ ተወላጅ አይደለሁም፤ የደሴ ልጅ ነኝ። ሒሳብ ተምሬ በመንግሥት ሥራ ተመድቤ መጣሁ። ሥራውን ብተወውም ከተማዋን መተው አቃተኝ። የነጋዴዎችን ሒሳብ እየሠራሁ ልኖር አሰብኩ። ግን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ መብራት በሄደ ቁጥር እጄን አጣምሬ፣ ኢንተርኔት ፍለጋ በሚኒባስ ባሕር ዳር ድረስ እየተመላለስኩ የት እደርሳለሁ?

እንደኔው የቸገራቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ እናና ናት፤ የሐሙሲት ልጅ፣ ልብስ ሰፊ። ሱቅ በረንዳ ላይ ትሰፋ ስለነበር ዝናብ በመጣ ቁጥር ጨርቋን አቅፋ ትሮጣለች። ሌላው ሙሉቀን ነው፤ እዚያው ወረታ ተወልዶ ያደገ፣ የቤት ንድፍ የሚሠራ ወጣት። ኮምፒውተሩ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ስለነበር ደንበኞቹን አልጋው ላይ ነበር የሚያስቀምጣቸው። ሦስታችንም ለየብቻችን ጄኔሬተር መግዛት አንችልም። አዳራሽ መከራየትማ አይታሰብም።

መላውን ያመጡልን አያ ጫኔ ናቸው። አያ ጫኔ የሜዳው ገበሬ ናቸው። ዋናው መንገድ ዳር የሩዝ መፈልፈያ ነበራቸው፤ መኪናውን ወደ ሌላ ቦታ ሲያዛውሩት መጋዘኑ ባዶ ቀረ። ሒሳባቸውን ልሠራ ሄጄ ችግራችንን ባጫውታቸው ሳቁብኝ።

«ለየብቻ ስትለፉ ነው ችግሩ» አሉኝ። «የሩዝ አረም ለብቻ ተገፍቶ ያልቃል? ወንፈል ግቡ እንጅ።»

ወንፈል ለማታውቁት ላስረዳ። ዛሬ ተሰብስበን ያንተን ማሳ እናርማለን፣ ነገ የእኔን። ብድሩ የሚመለሰው በጉልበት ነው። የማይመልስ ሰው ቢኖር ማንም አይከሰውም፤ በሚቀጥለው ክረምት ግን አረም ሲውጠው ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

እኛም እንዳሉት ወንፈል ገባን። አያ ጫኔ መጋዘኑን ሰጡን። እናና የስፌት መኪኖቿን፣ ሙሉቀን ኮምፒውተሩንና ጠረጴዛዎቹን፣ እኔ ማተሚያዬንና የኢንተርኔት መስመሬን ይዘን ገባን። ጄኔሬተር በጋራ ገዛን። ጄኔሬተሩን ማስነሳት፣ ቤቱን መጥረግ፣ እንግዳ መቀበል በየተራ ሆነ። ወሬው ሲሰማ መምህራን ፈተና ሊያዘጋጁ መጡ፤ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊዎች አንድ ጠረጴዛ ለግማሽ ቀን እየተዋሱ ይሠሩ ጀመር። መክፈል የቻለ ይከፍላል፤ ያልቻለ ተራ ወስዶ ይሠራል። ስሙንም ሌላ ሳንፈልግለት «ወንፈል ቤት» አልነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ያን ቤት ሳይ ተረቱ ይገባኝ ነበር።

ጣጣው የመጣው በፈቃድ ነው። ሦስታችንም የየራሳችን ንግድ ፈቃድ አለን፤ ግብራችንን እንከፍላለን። ያልነበረን የቤቱ ፈቃድ ነው። የምንመላለስበትን ጽሕፈት ቤት ስም አልጠራም። ኃላፊውንም አልጠራም፤ የእሱ ዓይነት ሰው በየከተማው ስለነበረ ስሙ ምንም አይጨምርላችሁም።

«ቤቱ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የሥራ ቤት ነው ጌታዬ።»

«የልብስ ስፌት?»

«እሱም አለ።»

«የሒሳብ ሥራ?»

«እሱም አለ።»

«የቤት ንድፍ?»

«አዎ፣ እሱም አለ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንድ ቤት አንድ ነገር ነው የሚሆነው። ሦስት ነገር የሚሆን ቤት እኛ ጋ የለም። ለመሆኑ ማን ነው ያደራጃችሁ?»

«ማንም። ራሳችን ነን።»

«ራሳችሁ?» አለና ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። «ኢንተርኔት አስገብታችሁ፣ መምህራን እየሰበሰባችሁ፣ ራሳችሁ!»

በዚያ ዘመን የኖረ ሰው የዚህን ጥያቄ ክብደት ያውቀዋል። አገሩ ሁሉ አንድ ለአምስት ተጠርንፎ ነበር። ገበሬው አንድ ለአምስት፣ ተማሪው አንድ ለአምስት፣ የመንግሥት ሠራተኛው አንድ ለአምስት። እነሱ ሲያሰባስቡን ልማት ነው። እኛ በገዛ ፈቃዳችን ሦስት ሆነን አንድ ጄኔሬተር ስንገዛ ሴራ ሆነ!

ነሐሴ ውስጥ፣ ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን፣ ኃላፊው ፖሊሶች አስከትሎ መጣ።

«ሁላችሁም ውጡ። ዕቃ እንዳይነካ።»

እናና ለመስከረም የታዘዘችውን የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታ ጨርሳ በማዳበሪያ ከረጢቶች ሞልታ ነበር። እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «ጌታዬ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። የሰው ልጆች ልብስ ነው። እሱን ብቻ ላውጣ።»

«ሁሉም ባለበት ይቆያል። ተጣርቶ ይነገራችኋል።»

«ምኑ ነው የሚጣራው?» አልኩ።

«እሱም ተጣርቶ ይነገራችኋል።»

በሁለቱ የበር ክንፎች መጋጠሚያ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ለጠፉበት። መስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ ስላላቸው አላስጨነቋቸውም። ሞላ የሚባል ሚሊሻ በሩን እንዲጠብቅ ተደረገ። ሞላን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሴት ልጁ ዩኒፎርም ራሱ እዚያው ከረጢት ውስጥ ነው ያለው። ዓይናችንን ላለማየት ወደ መንገዱ እያየ ቆመ።

ያን ማታ አዲስ አበባ ላለው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩ። «ነይ፣ ሥራ አገኝልሻለሁ» እያለ ሲጎተጉተኝ ኖሯል። «መጣሁ» አልኩት። ሻንጣዬን አወረድኩ። በዚህ አገር ሠርቶ መብላት ለማን በጀ ብዬም አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ አላባራ አለ። በደብረ ታቦር በኩል ያለው ደጋ ሲዘንብ ውኃው የሚወርደው ወደ እኛ ነው። አንድ ቀን ማለዳ እናና ደወለችልኝ።

«ሰናይት፣ ውኃው መጋዘኑ ጓሮ ደርሷል!»

ነጠላዬን እንኳ ሳልይዝ ሮጥኩ። ስደርስ ሜዳው የለም። ትናንት ሩዝ የነበረበት ሁሉ እስከ ዓይን ማብቂያ ድረስ ደፍርሶ ተኝቷል። ውኃው ከጓሮው ዞሮ ወደ ደጃፉ እየመጣ ነበር። እናናና ሙሉቀን የመስኮቱን ፍርግርግ ጨብጠው ወደ ውስጥ ያያሉ። እኔም አየሁ። የሙሉቀን ኮምፒውተር ዋናው ሣጥን ጠረጴዛው ሥር መሬት ላይ ነው። የዩኒፎርሙ ከረጢቶች መሬት ላይ ናቸው። ወለሉ መሐል ለመሐል ደግሞ ውኃ እየሰረገ ነበር።

«ሞላ» አልኩት «ክፈትልን። ዕቃውን ብቻ ከፍ እናድርግና መልሰህ ዝጋው።»

«እህቴ፣ ማኅተም ነው እኮ። ማኅተም የቀደደ ይታሰራል። ልጆች አሉኝ።»

«የልጅህ ዩኒፎርምም ውስጥ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። «አውቃለሁ እኮ።»

ኃላፊው ጋ ደወልን፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሙሉቀንንና እናናን እዚያው ትቼ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሮጥኩ። ጸሐፊዋ ገና ሳታየኝ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ።

«የት?»

«ዞን ሄደዋል።»

«ጎርፍ ገብቷል! የሰው ንብረት እየሰመጠ ነው!»

ወደ ምክትሉ አስገባችኝ። ምክትሉ ጋቢውን ደርቦ ሻይ ይጠጣል። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ያዘነ ነበር የሚመስለው።

«በእውነት ያሳዝናል። ግን እኔ ያላሸግሁትን እንዴት ብዬ እከፍታለሁ? እሳቸው ሲመጡ ይነጋገሩ።»

«እሳቸው እስኪመጡ የሚከፈት ነገር አይኖርም እኮ!»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ተፈጥሮ ነው» አለኝና ሻዩን አነሳ።

ተፈጥሮ! ጠረጴዛውን አንስቼ ብገለብጠው ደስ ባለኝ። ግን ጊዜ አልነበረኝም፤ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ።

ስደርስ ውኃው ቁርጭምጭሚት አልፏል። ሙሉቀን በእንጨት ፍርግርጉን ሊፈለቅቅ እየታገለ እጁ ደምቷል፤ ብረቱ ግን ፍንክች አላለም። እናና አንዴ እኔን፣ አንዴ ሙሉቀንን አየችና አስፋልቱ ላይ ወጥታ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ጮኸች።

«የአገር ያለህ! የሰው ያለህ!»

እዚያ አገር ይህ ጩኸት ከተሰማ ማንም «ምን አገባኝ» ብሎ አያልፍም። የሰማ ሁሉ ይመጣል፤ ሰምቶ የቀረ ሰው ሲነወር ይኖራል። ከብቶቻቸውን ከሜዳው ወደ አስፋልቱ እያወጡ የነበሩ ገበሬዎች ከብቱን ለሚስቶቻቸው ጥለው መጡ። ከፊት የሚመሩት አያ ጫኔ ነበሩ፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ ዶማ ተሸክመው።

«ምን ሁናችሁ ነው ቁማችሁ የምታዩት?»

«ታሽጓል፣ አያ ጫኔ።»

«ምኑ ነው የታሸገው?»

«በሩ።»

ወደ በሩ ሄዱና ወረቀቱን አዩት። ከዚያ ሞላን አዩት።

«አንተ ሞላ፣ ምን ጠብቅ ተባልህ?»

«በሩን፣ አያ ጫኔ። በሩ እንዳይከፈት፣ ወረቀቱ እንዳይነካ።»

«ሌላስ?»

ሞላ አሰበ። «ሌላ አልተባልሁም።»

«በል እንግዲያ ጠብቅ። ከዚህች ንቅንቅ እንዳትል። እኛም በሩን አንነካብህም» አሉና ዶማቸውን ይዘው ወደ ጓሮው ዞሩ።

ምን ሊያደርጉ እንደሆነ የገባኝ ዶማውን ሲያነሱ ነው። ተንደርድሬ ክንዳቸውን ያዝኩ። «አያ ጫኔ! ቤትዎ ይፈርሳል እኮ!»

«ልጀ፣ ግድግዳ ጭቃ ነው» አሉኝ። «ጭቃ ደግሞ አገሩ ሙሉ አለ። ልቀቂኝ።»

የመጀመሪያዋን እሳቸው መቷት። ከሥሩ ውኃ የጠጣ ጭቃ ስለነበር ወዲያው ተናደ። ገበሬዎቹ ማገሩን በመጥረቢያ እየቆራረጡ ጣሉት። ቋሚዎቹን ግን አልነኩም፤ ጣሪያው እንዳይወርድ። ትንሽ ቆይቶ የጓሮው ግድግዳ እኩሌታ የለም። ውኃው ወደ ውስጥ ሲገባ እኛም አብረነው ገባን።

ከመጋዘኑ እስከ አስፋልቱ ሰው ተሰልፎ ዕቃ ይቀባበል ጀመር። የእናና የስፌት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ አለፉ። ማተሚያዬን አንድ ሽማግሌ ራሳቸው ላይ ተሸክመው ሲወጡ አየሁ። ጄኔሬተሩን በቃሬዛ ይዘው ወጡ። የታችኞቹ ከረጢቶች ርሰው ነበር፤ የላይኞቹ ደረቅ ናቸው። እናና አንዷን ከረጢት ፈትታ የምትፈልገውን አወጣችና ወደ ፊት ለፊቱ ዞረች። እኔም ከኋላዋ ነበርኩ።

ሞላ ውኃው ጉልበቱ ደርሶ፣ ጀርባውን በሩ ላይ አስደግፎ ቆሟል።

«የልጅህ ነው። አልረሰም» አለችው።

ሳያያት ተቀበላትና ካፖርቱ ሥር ከተተው። እንባው በጉንጩ ይወርዳል። «እኔ ምንም አላየሁም» አለ። «በሩን እየጠበቅሁ ነው።»

ስንመለስ ሙሉቀን ኮምፒውተሩን አቅፎ ከመጋዘኑ ሲወጣ አገኘነው። ከሣጥኑ ውስጥ ውኃ ይንጠባጠባል። ዓመታት የሠራቸው ንድፎች ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ። አስፋልቱ ዳር ተቀምጦ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በሸሚዙ ይጠርገው ጀመር። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ኃላፊው የመጣው ውኃው ከጎደለ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። መኪናውን አስፋልቱ ላይ አቁሞ፣ ጭቃውን እየተጠየፈ ወረደ። አስፋልቱ ዳር የተደረደረውን ዕቃችንን አየ።

«ማን ከፈተው?»

«ማንም አልከፈተውም» አልኩት። «ይኸው ማኅተምዎ።»

ወረቀቱን በጣቱ ዳሰሰው። እንደተለጠፈ ነው። ሰንጣቃ የለውም። ወደ ጓሮው ዞረ። ከውጭ ሆኖ ቤቱን አሳልፎ የበሩን ጀርባ ያየዋል።

«ይህን ለማፍረስ ማን ፈቀደላችሁ?»

እስከዚያች ቀን ድረስ ኃላፊ ፊት ስቆም «ይተባበሩን፣ ይቅርታ ያድርጉልን» የምል ሰው ነበርኩ። መብቴን እንኳ እንደ ምጽዋት ነበር የምለምነው። ያን ጊዜ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«ጎርፉስ ከእርስዎ ፈቃድ ነበረው?» አልኩት። «ስልክዎን ዘግተው ሲሰበሰቡ ስለማን ነበር የምትነጋገሩት? የዚህን ልጅ ኮምፒውተር ያጠፋው ውኃው አይደለም፣ እርስዎ ነዎት። ለምን እንዳሸጉብን አንድ ቀን እንኳ አልነገሩንም። አሁን ይንገሩኝ። እዚህ ሰው ፊት፣ ምን አጠፋን?»

ገበሬዎቹ መጥረቢያቸውን እንደያዙ ያዩታል። መልስ የሌለው ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ አያ ጫኔን «ያለ ፈቃድ ግንባታ በማፍረስ» ብሎ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዳቸው። በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ግድግዳቸው! ገበሬዎቹ ተከትለው ሄደው ጣቢያው ደጃፍ ተቀመጡ። አልጮኹም፣ አልለመኑም፤ ተቀመጡ ብቻ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ጫኔ ያለ ምንም ቃል ተለቀቁ። ሲወጡ ያሉት፦ «ሩዜስ እንዴት ሁኖ ዋለ?»

ለወንድሜ ደውዬ «አልመጣም» አልኩት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ «ብድር አለብኝ» ነው ያልኩት። እውነትም ነበረብን። ኅዳር ላይ ሩዙ ሲደርስ እናና፣ እኔና ቤቱን ይጠቀሙ የነበሩት መምህራን ማጭድ ይዘን ሜዳው ወረድን። ወንፈል ነዋ! እጃችን ተቆራረጠ፣ ወገባችን ተቆረጠ። ገበሬዎቹ አጨዳችንን እያዩ «ይኸስ ፍየል የበላው ነው የሚመስል» እያሉ ሳቁብን። ብድራችንን ግን መለስን። ከዚያ ወዲያ ወንፈል ቤት የእኛ የሦስታችን ብቻ መሆኑ ቀረ። የፈረሰውን ግድግዳ አብረን ስናቆም አያ ጫኔ መሐሉ ላይ ሰፊ በር አስወጡልን፤ ወደ ሜዳው የሚያይ። «አጉል ነገር ሲመጣ የሚሰማችሁ በዚህ በኩል ያለው ሰው ነው» አሉን። ከዚያ በኋላም ሊያስፈራሩን የመጡ ነበሩ። በተነካን ቁጥር ግን ሜዳው ይመጣል፤ መጥቶ ይቀመጣል። ቤቱን እስከ ዛሬ ያቆየው እሱ ነው፤ ፈቃድ አይደለም።

ሙሉቀን ግን አልተመለሰም። ደንበኞቹ ንድፋቸውን ጠየቁት፣ የሚሰጣቸው አጣ። ባሕር ዳር ሄዶ በሰው ቢሮ ተቀጠረ። ስንደዋወል ስለ ቤቱ ይጠይቀኛል፤ ና ስለው ወሬ ይለውጣል። እንግዲህ እናንተ ንገሩኝ፤ የእሱን ዓመታት ማን ይመልስለታል? ማንም አልተጠየቀም። «አጥፍተናል» ያለን አንድ ሰው የለም። «ያለፈውን እርሺው» ይሉኛል ሰዎች። አልረሳውም። ቁጣ ሲይዛችሁ ቶሎ ለማብረድ አትቸኩሉ ብዬ ነው የምመክራችሁ፤ አንገቴን ቀና ያደረገልኝ እሱ ነው።

ያ ኃላፊ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። በምትኩ የመጣው ሰው ትሑት ነበር። አንድ ቀን በጓሮ በኩል ገብቶ ቤቱን ዞሮ ካየ በኋላ ከውስጥ ሆኖ ወደ መንገዱ የሚያወጣውን በር ነካ ነካ አደረገ።

«ይህ ለምን ተዘግቶ ይኖራል?»

«እናንተ ያሸጋችሁት ነው» አልኩት። «ማኅተሙ ከውጭ አለ።»

ደነገጠ። «በሉ ዛሬውኑ ላንሳላችሁ!»

«አያንሱት» አልኩት። «መጀመሪያ ለምን እንደታሸገ ይንገሩኝ።»

ቢሮው ሄዶ ፋይል ሲያስገላብጥ ሰነበተ። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ላይ ኀፍረት ነበር።

«ምክንያቱ አልተገኘም።»

«እንግዲያው እስኪገኝ እንደታሸገ ይቆይ» አልኩት።

ይኸው እስካሁን አልተገኘም። ወረታ ስትመጡ ወንፈል ቤትን ብትፈልጉ፣ መንገድ ዳር ያለውን በር አታንኳኩ። በጓሮ ዙሩ።